ሻይ የሸተተው ልብስ

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ ደረጃው ላይ ቆሞ ለጎረቤታቸው ሲያወራ ሰማችው። ጠዋት ነው፤ ቆሻሻ ልትደፋ ባልዲውን ይዛ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ነበር። "እናታችን እኮ በቃ አልሆነላትም፤" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ልብሴን ቀየሩብኝ ትላለች። የገዛ ልብሷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የኔ አይደለም ትላለች። ደግሞ ሻይ ሻይ ይሸታል አለች። ልብስ ሻይ ይሸታል እንዴ?" ጎረቤቲቱ ከንፈሯን መጠጠች። ይቺን ሴት ሕንፃው ውስጥ ሬዲዮ ነው የሚሏት፤ ጠዋት የሰማችውን ምሳ ሳይደርስ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ታዳርሰዋለች። "እኔማ ባለፈው ሰላም ስላቸው ዝም ሲሉኝ ጠርጥሬ ነበር፤" አለች። "አይ እማማ! እንደዚያ ጨዋታ አዋቂ የነበሩ ሴትዮ!"

ልብስ ሰፊዋ ባልዲውን መልሳ አስቀመጠችው። ደሟ ፈላ፤ ግን በማን ላይ እንደፈላ አላወቀችም። ወንድሟ እሷ ካወራችው የተለየ ነገር አላወራም፤ እሷም ብትሆን ሥራ ቦታ "እናቴ ትንሽ ዘንግታለች" ብላለች። ነገሩ የተጀመረው እናትየው እንደ ልማዷ ሳጥኑን ከፍታ፣ ከተወለደችበት አገር ለብሳው የመጣችውን ልብስ ነፋስ ላስመታው ብላ ያወጣች ቀን ነው። ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ የደረቱን ጥልፍ ዳበሰችው፤ ገልብጣ ዳበሰችው፤ አሸተተችው። ከዚያ "ይሄ የኔ አይደለም" አለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ መስኮቱን ከግድግዳው የምትለየው በብርሃኑ ብቻ ነው። ሳቁባት። ሲስቁ ሰምታ እሷም አብራ ትንሽ ሳቀች፤ በማግስቱ ግን ደገመችው፤ ከዚያም በየቀኑ። "እማዬ፣ ሌባ ገብቶ ልብስሽን ወስዶ፣ በቦታው ሌላ አጣጥፎልሽ ሄደ ነው የምትይኝ?" ሲላት ወንድ ልጇ፣ ልብሱን መልሳ አጣጠፈችው። እውነትም እንዲያ ተብሎ ሲነገር የእብድ ወሬ ይመስላል። ወንድምየው ከመድኃኒት ቤት አንድ ብልቃጥ ክኒን ይዞ መጣ፤ "ለሚዘነጋ ሰው ጥሩ ነው፤ ያረጋጋል" ብሎ። አረጋጋት። መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ አፏን ከፍታ፣ አንገቷ ወደ አንድ ጎን ወድቆ ስትተኛ ትውላለች። ነቃ ያለች ቀን ደግሞ ጣቷን እያጠፈች የሞቱ ወንድሞቿንና እህቶቿን ከታላቅ እስከ ታናሽ ትጠራለች፤ የተወለደችበትን መንደር ቤቶች ከወንዙ ጀምራ እስከ ኮረብታው በተራ ትቆጥራለች፤ ጨርሳ "ትክክል ነኝ?" ብላ ትጠይቃለች። የሚያውቅላት ሰው ግን እዚህ ቤት የለም።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በውስጠኛው እናትና ልጅ ይተኛሉ፤ በውጪኛው ሶፋው ላይ ወንድምየው። የወንድምየው ከረባትና ባጅ የበሩ እጀታ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ አስጎብኚ ነው፤ እንግዶችን አሮጌውን ግንብና አሮጌውን ገበያ ያዞራል፤ ቋንቋ የሚለማመደው መስታወቱ ፊት ቆሞ ነው። ሶፋውና የምግብ ጠረጴዛው ተጠጋግተው ስለተቀመጡ፣ ወደ ማብሰያው የሚያልፍ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። በዚህ ጥበት ውስጥ የእናትየው ሳጥን አልጋው ሥር የራሱ ቦታ አለው። ማንም አይገፋውም፤ ማንም ዕቃ አይጭንበትም።

ወንድምየው ወጥቶ እንደሄደ እናቷ ከውስጥ ጠራቻት። የጠዋቱን ክኒን ገና አልዋጠችም፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። "ልጄ፣ እስቲ ያንን ልብስ አምጪልኝ።"

"ደግሞ ልትናደጂ ነው፣ እማዬ?"

"አልናደድም። ልልበሰውና ልልመደው ብዬ ነው። የኔ ከሆነ ገላዬ ይለምደዋላ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ማለት ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ተንበረከከች። ሳጥኑን ሳበች፤ ልብሱን አወጣች፤ እናቷን ደግፋ አስነስታ ከላይ አጠለቀችላት። የጥልፉ ቀለም ጠቆር ያለ ቀይና ጥቁር፣ ጨርቁ ወዝ የጠገበ የሚመስል፣ ያረጀ፤ ለሚያይ ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ልብስ ነው። እናቷ ክንዷን ወደ እጅጌው ስትሰድ ብብቱ ላይ ተያዘባት። ልጅቷ ልታስለቅቅላት እጅጌውን ወደ ውጭ ገለበጠችው፤ እጇም እዚያው ቀረ። የስፌቱ መጨረሻ ላይ ክሩ ተመልሶ ሁለቴ ተቋጥሯል። ይህን ቋጠሮ የምትቋጥረው እሷ ናት። የምትሠራበት የስፌት መኪና አርጅቶ መጨረሻ ላይ ክሩን ስለሚያላላባት፣ ከሌሎቹ ሰፊዎች ለይታ ራሷ ያመጣችው ዘዴ ነው። ሰው የገዛ የእጅ ጽሑፉን እንደሚያውቅ አወቀችው። አፍንጫዋን ወደ ጨርቁ አስጠጋች። ሻይ ነው። ሽታው ከእናቷ ልብስ ይምጣ ከገዛ እጇ ይምጣ ሳትለይ ነው እስከ ዛሬ የቆየችው፤ ምክንያቱም ከሥራ ቦታዋ ጓሮ ትልቅ በርሜል ሙሉ ሻይ አለ፤ አዲሱን ልብስ አሮጌ ለማስመሰል አንድ ሌሊት የሚያሳድሩት እዚያ ውስጥ ነው፤ አውጥተው የሚጨምቁትም እነሱው ሰፊዎቹ ናቸው።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለች እናቷ፣ አንድ ክንዷ በእጅጌው፣ አንዱ በአየር ላይ።

"ምንም። እጅጌው ነው፤ ተጣሞ ነው።" ልብሱን መልሳ አወለቀችላት፤ ብርድ እንዳይመታት ብላ ነጠላ ሹራቧን ደረበችላት። ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥታ እጇ ላይ ትንሽ አየችውና ኪሷ ከተተችው። "ዛሬ ክኒን የለም፤ እማዬ። ተኝተሽ አትዋይ።"

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ከጎኗ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ዘይት ስንት እንደገባ፣ ዳቦው ደግሞ ዋጋው ሳይቀንስ እንዴት እያነሰ እንደሄደ እያወሩ ሄዱ፤ "ጉርሻ አክሎልሻል እኮ!" እያሉ ሳቁ። እሷ መስማት ትሰማለች፤ ቀልቧ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ከተለመደው ሥራ ተለይቶ "ልዩ ትእዛዝ ነው፤ ተጠንቅቀሽ ግጠሚው" ተብሎ እጅጌ ብቻ ተሰጥቷት እንደነበር ትዝ አላት። ገላው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ፣ እጅጌው ብቻውን ተጠቅልሎ መጣላት፤ ምሳ ሳትወጣ ስፌቱን ገጥማ መለሰችው። ያኔ ጨለም ማለቱን አይታ "ይሄን ማን ይገዛዋል?" ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ ረሳችው። በዚያ ቤት እጅጌ ከእጅጌ የሚለይበት ፋታ የለም።

የሥራ ቤቱን ጌታ ሰፊዎቹ በሌለበት "አርቲስቱ" ይሉታል። የአንዱን አገር አንገት፣ የሌላውን አገር እጅጌ፣ የሦስተኛውን አገር መቀነት አንድ ላይ አድርጎ፣ ላዩ ላይ ቢጫና ሮዝ ጨምሮ አንድ ልብስ ይሠራል፤ ኋላው ላይ የናቷን አገር ስም የያዘ ካርድ ያንጠለጥልበታል። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ልብስ የለበሰ ሰው ግን ከጥንትም ኖሮ አያውቅም። ስትገባ መስቀያውን እየቆጠረ ነበር። "አረፈድሽ" አለ ሳያያት።

"ያ ልዩ ትእዛዝ... ጥቁርና ቀዩ... ማነው ያዘዘው?"

አሁን አያት። የእውነት ነው የገረመው። "ወንድምሽ ነዋ! ዋናውን አምጥቶ ልኩን ወስደንለት፣ ጥልፉን በፎቶ ወደ ጥልፍ መኪናው አስገብተን... አንቺ የማታውቂ መስሎኝ አልነበረም እኮ። የናታችን ነው፤ ለማስታወሻ አንድ ቅጂ እናስቀር ነው ያለኝ።" ትንሽ አሰበና ቀጠለ፤ ለማጽናናት ይሁን ለወሬ አይታወቅም። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ዋናው እዚህ ቢሰቀል ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጨለም ይላል፤ ከባድ ነው። ሰዉ የኛን አይቶ ለምዶ፣ ያንን ሲያይ ይሄ የውሸት ነው ነው የሚለው። አንዳንድ ሰው ግን አለ፤ ያንኑ ፈልጎ የሚመጣ።"

"የት ሄደ ዋናው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ቅጂውን ሠራሁ፤ መለስኩለት።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። "ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?" ብሎ ከኋላ ሲጣራ ሰማችው፤ አልተመለሰችም።

ወንድሟን አሮጌው ግንብ በር ላይ አገኘችው። እንግዶቹ ከበውታል። ከእንግዶቹ አንዷ ያንን ባለ ቢጫና ሮዝ ልብስ ከላይ ደርባ፣ ፀሐይ ፊቷን አቅልቶት ትስቃለች። ወንድምየው የልብሷን ደረት በጣቱ ሳይነካ እያሳየ ያብራራል። ቋንቋውን አትናገረውም፤ ግን መስታወት ፊት በሁለቱም ቋንቋ እየደጋገመ ሲለማመደው ሰምታ የሚለው ቃል በቃል ይገባታል፤ አያቶቻችን በክረምት ምሽት፣ በእሳት ዙሪያ ተሰብስበው፣ አንዱን ጥልፍ ለመጨረስ ዓመት ይፈጅባቸዋል እያለ ነው። የልብሱን እጅጌ ደግሞ እሷ ባለፈው ሳምንት፣ አፏ ላይ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ነው የገጠመችው። ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። እንግዶቹን ፎቶ እንዲነሱ አሰናብቶ መጣ።

"እታለም! ምን ሆንሽ? እማዬ ደህና ናት?"

"እማዬ ደህና ናት። እማዬ ደህና ነበረች። ልብሱ የት ነው?"

ምን ልብስ አላለም። ይህን አለማለቱ ብቻ ለወንድምነቱ ትንሽ ነገር አስቀረለት። ወደ ግድግዳው ጥላ ይዟት ፈቀቅ አለ። "አንዲት ሴትዮ ናት፤" አለ። "የድሮ ልብስ የምትሰበስብ። አንድ ቀን ስለናታችን ሳወራ ሰማችኝ፤ ካላየሁት ብላ ለመነችኝ፤ ፎቶ አሳየኋት። በማግስቱ እከፍልሃለሁ ያለችኝን ገንዘብ ብትሰሚ... እንግዳ ላዞርባት ላሰብኳት መኪና ቀብድ ከፈልኩበት። የሰው ቅጥር ሆኜ እስከ መቼ? መኪናዋ ብትመጣ ለማን ነው? ለሁላችንም አይደል?"

"ሴትዮዋ የት ናት?"

"አገሯ ገብታለች። ወር አለፋት።"

"ክኒኑስ?"

ወደ መሬት አየ። "እሱን ማለቴ አልነበረም። በልጆቼ..." ልጅ የለውም፤ አቋረጠ። "አንዴ፣ የመጀመሪያ ቀን፣ ደንግጬ ዘንግተሽ ነው አልኳት። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ከዚያ ተያያዘ። አንቺም አብረሽ ስትስቂ እውነት መሰለኝ፤ እውነቴን ነው፣ አንዳንድ ቀን እኔም ራሴ ዘንግታለች ብዬ አምናለሁ። ተይው እታለም። አሁን ብንነግራት ምን ይጠቅማታል? ልብሱ አይመለስ። ትዘነጋዋለች።"

"አትዘነጋውማ! የማትዘነጋ ስለሆነች አይደል ያሳበድካት!"

አንዱ እንግዳ ካሜራውን ወደ እነሱ ሲያዞር አየች። ወንድምየው ወዲያው ፈገግ አለ፤ ከልማድ ነው። ያ ፈገግታ ከነገራት ሁሉ ይልቅ አሳመማት። ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች።

ቤት ስትገባ እናቷ ነቅታ ነበር። ወንበሯን ራሷ ገፍታ ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ፣ ድንች እየዳበሰች ትልጣለች፤ ልጣጩ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ተቀምጣ አየቻት። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነው የመጣችው፤ አሁን ግን ቢላ አነሳች። አብረው ላጡ። ድንቹ የት እንደተገዛ፣ ልጣጩ የወፈረው መሬቱ ጥሩ ስለሆነ ይሁን ድንቹ ስላረጀ፣ ይህንን ተጫወቱ። እናትየው እንደ ድሮው ቀለደች፤ "ይሄኛውስ አፍንጫው አባትሽን ይመስላል" አለች አንዱን ጠማማ ድንች ይዛ። ልጅቷ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ ለእናቷ ስለማይታይ ዝም ብላ እንዲወርድ ተወችው። ልንገራት ወይስ እሱ ሲመጣ? እሱ በሌለበት ብትነግራት ወንድሟን ከጀርባው የወጋችው መሰላት። ዝም ብትል ደግሞ ይቺ እጅግ ጤነኛ ሴት በቀሪ ዕድሜዋ የገዛ ጭንቅላቷን እየተጠራጠረች ልትኖር ነው።

ወንድምየው ፀሐይ ስትጠልቅ መጣ። ብርቱካንና የታሸገ ኬክ ይዟል። እህቱን ዓይን ዓይኗን እያየ ጎኑን ሰጥቶ አለፈ፤ ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተቀመጡ፤ ድንቹን በሉ። ሲጨርሱ እናትየው እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እያንዳንዱን ቃል ስታስብበት እንደዋለች በሚያሳብቅ ድምፅ፣ "ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ" አለች። "ዛሬ ጠዋት ልብሱን ለበስኩት። ያዘኝ፣ ጠበበኝ፣ ሸተተኝ። ግን እናንተ ሁለታችሁ ያንቺ ነው ትላላችሁ፤ እናንተ ደግሞ አትዋሹኝም። እንግዲህ የሄደው የኔ ራስ ነው ማለት ነው። ከእንግዲህ ስለሱ አላነሳም። ክኒኑንም ስጡኝ፤ እውጣለሁ። አታስቡ።"

ወንድምየው እህቱን አያት። ዓይኑ ይለምናል። አንድ ቃል ባትናገር ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሰላም ይወርዳል፤ ኬኩ ይቆረሳል።

"እማዬ፤" አለች ልብስ ሰፊዋ። "አልዘነጋሽም። ልብሱ ያንቺ አይደለም። እጅጌውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ። የሸተተሽም ሻይ ነው። እኛ ነን ሻይ ውስጥ የምንነክረው።"

እናትየው ፊቷን ወደ ድምፅዋ መለሰች። "ሻይ ነው?" አለች።

"ሻይ ነው።"

"እና የኔውስ?"

ልጅቷ ወንድሟን አየችው። "ሸጥኩት፤" አለ ወንድምየው። "ሸጥኩት እማዬ። ሄዷል።"

እናትየው ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ሁለቱም የምታለቅስ መሰላቸው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እጇን ስታወርድ ግን እየሳቀች ነበር። "ሻይ! አላልኩም? ሻይ ነው አላልኩም?" አለች። "አፍንጫዬ ደህና ነው! የወንዙን ዳር ቤት፣ የአንጥረኛውን ቤት፣ ሁለቱን ጎጆዎች... ትክክል ነበርኩ!" ሳቋ እየተቆራረጠ መጣ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ፊቷን ወንድ ልጇ ወደተቀመጠበት አዞረች።

"ልብስ ነው፤" አለችው በዝግታ። "እናቴ ናት አንዱን እጅጌ የጠለፈችው፤ እኔ ሌላውን። ቢሆንም ልብስ ነው። ብትጠይቀኝ እጮህብህ ነበር፣ ሁለት ቀን አኮርፍህ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ እሰጥህ ነበር። ለማን አስቀምጠዋለሁ? ራሴን ግን ለምን ወሰድክብኝ? ተኝቼ ስነቃ ስሜን እያጣራሁ ነበር እኮ፣ አንተ! የሞቱትን እየጠራሁ፣ አንዱን ከዘለልኩ ሞቼአለሁ እያልኩ!"

"ይቅር በይኝ፣ እማዬ።"

"ቆይ፤ እሱ ይደርሳል። ለማን ለማን ነው ዘንግታለች ብለህ ያወራኸው?"

ከረባቱን ነካካ። "ለጎረቤቶች፤" አለች እህቱ በእሱ ፈንታ።

"ሂድና ንገራቸው።"

"ነገ ጠዋት ቀስ ብዬ..."

"አሁን። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።" ተነሳች፤ ጠረጴዛውን ይዛ። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን አንስታ ኮሪደሩ ላይ፣ ደረጃው አጠገብ አስቀመጠችላት፤ እናትየው ሹራቧን አስተካክላ እንደ ዳኛ ተቀመጠች። ወንድምየው ከረባቱን አልፈታም። ወደ መጀመሪያው በር ሄዶ እጁን አነሳ፤ አወረደ፤ አንኳኳ። ሬዲዮዋ የሽንኩርት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። አንድ ነገር አንሾካሾከላት።

"አልሰማሁም!" አለች እናቱ ከወንበሯ። "ጮክ በል!"

"እናቴ... እናቴ አልዘነጋችም፤" አለ ወንድምየው። ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። "እውነቷን ነበር። ልብሷን ወስጄ የሸጥኩት እኔ ነኝ። በሳጥኑ የውሸት ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ።"

ሬዲዮዋ እጇን መጥረግ ተወች። ከእሱ አልፋ ወደ አሮጊቷ አየች። "እማማ..." ብላ ቀረች።

"እንዴት አመሸሽ ልጄ፤" አለቻት እናትየው። "ሽንኩርቱ እንዳያርርብሽ።" ከዚያ ወደ ልጇ ድምፅ ዞራ "ቀጥል" አለች። "የወታደሩ ቤት አለ፤ መበለቷ አለች። ከዚያ ታችኛው ፎቅ።"

ልብስ ሰፊዋ የወንበሩን ጀርባ ይዛ ቆማለች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም። ወንድሟ ከበር ወደ በር ሲሄድ ትከሻው እየጠበበ፣ ትናንት ገና ከትምህርት ቤት የመጣ ትንሽ ልጅ እያከለ ሄደባት። በቃ ትበለው ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን በቃ አላለችም፤ አንገቷን ወደ ደረጃው አስግጋ፣ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች። የወንድሟ እርምጃ ደረጃውን ወረደ፤ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ከታች፣ የማያውቁት ሰው ቤት በር ሲንኳኳ ተሰማ።